የጋራዥ በር አልከፈት ሲል፦ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት የሚታዩ ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤቶች ላይ የሚገኘው፣ ሳንቃው እየታጠፈ በሐዲድ ወደ ኮርኒስ የሚወጣው የጋራዥ በር ከባድ ነው። የሁለት መኪና ስፋት ያለው በር ብዙ ጊዜ ከ70 ኪሎ ያልፋል። ይህን ሁሉ ክብደት ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ሞተር የሚያነሳው ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው። የሞተሩ ሥራ ሞላው ያቀለለውን በር መሳብና መግፋት ብቻ ነው። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል፤ ሞላው የተሰበረበት ሰው አዲስ ሞተር ቢያስገጥም በሩ ያው አይከፈትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ነገር አንድ ነው፦ ትእዛዙ ሞተሩ ጋ አልደረሰም ወይስ በሩ ራሱ ከብዷል? ግድግዳው ላይ ያለውን መጫኛ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑና ያዳምጡ። እምቢ ያለን በር ደጋግሞ መጫን የሞተሩን ጥርስ ይበላል፣ የላይኛውን ሳንቃም ያጣምማል።

ሞላው ደህና ነው?

ሞተሩ በሩን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስቶ ካቆመ ወይም እያቃሰተ ካልተነሳለት ወደ ሌላ ነገር ሳይሄዱ ሞላውን ይዩ። በብዙ ቤት ሞላው ከበሩ በላይ ባለ የብረት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ወፍራም ሞላ ነው። በሌላው ቤት ደግሞ በግራና በቀኝ ከአግድሙ ሐዲድ ጎን የሚለጠጥ ረጅም ሞላ ነው። ዘንግ ላይ ያለው ሲሰበር ጥይት የተተኮሰ ያህል ይጮኻል፤ ሌሊት ከሆነ ቤተሰቡ ዕቃ የወደቀ መስሎት ይተኛል። ጠዋት መብራት አብርተው ቀና ብለው ሲያዩ ጥምጥሙ መሃል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መደበኛ ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ተደርጎ ነው። በቀን 4 ጊዜ ለሚከፈት በር ይህ 7 ዓመት ገደማ ነው። ባልና ሚስት በተለያየ ፈረቃ በሚሠሩበት፣ ልጆችም ጋራዡን እንደ ዋና በር በሚጠቀሙበት ቤት በቀን 8 ጊዜ ቢከፈት ዕድሜው ወደ ሦስት ዓመት ተኩል ይወርዳል።

ሞላ በራስዎ አይቀይሩ። ቪዲዮ አይቶ መሞከር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የተጠመዘዘው ሞላ የበሩን ክብደት የሚያህል ኃይል አምቆ የያዘ ነው። ማጠንጠኛው ዘንግ ከእጅ ካመለጠ ክንድ ይሰብራል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። ከበሩ ግርጌ በሁለቱ ጥግ በሩን ከሞላው ጋር የሚያገናኘው ኬብል የታሰረበትን ብረት ቡሎንም አይፍቱ፤ ያው ኃይል እዚያም አለ። ባለሙያ ሲጠሩ የበሩን ስፋትና ቁመት፣ የሞላውንም ብዛት አስቀድመው ይንገሩ። ሞላዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም ያስቀይሩ። አንድ ቀን የተገጠሙ ስለሆኑ የቀረውም ብዙ አይቆይም።

በሩ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ወይም በአንዱ ጎን የላላ ኬብል ተንጠልጥሎ ከታየ፣ ኬብሉ ከመጠቅለያው ወጥቷል ወይም ተበጥሷል። ሞተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በሩንም አይንኩት።

ምንም ድምፅ ከሌለ

1. መሰላል ላይ ወጥተው ሞተሩ የተሰካበትን ሶኬት በስልክ ቻርጀር ይሞክሩ።
2. ሶኬቱ ከሞተ ብሬከሩን ይዩ። ብሬከሩ ደህና ከሆነ መሃሉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቁልፎች ያሉትን የጂኤፍሲአይ ሶኬት ይፈልጉና “ሪሴት” የሚለውን ይጫኑ። ብዙ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ከካርቶን ኋላ ተደብቆ ይገኛል፤ በቆዩ ቤቶች ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወይም ከቤቱ ውጭ ሊሆን ይችላል።
3. ሶኬቱ ከሠራና መጫኛው ብቻ ዝም ካለ መጫኛውን በካቻቢቴ ይፍቱ። ከኋላው ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚይዙት አነስተኛ ኃይል ነው። ለቅጽበት ሲያነካኳቸው ሞተሩ ከተነሳ የተበላሸው መጫኛው ነው። ካልተነሳ ሽቦውን እስከ ሞተሩ ድረስ በዓይን ይከተሉ፤ ሽቦውን ግድግዳ ላይ የያዘው ስቴፕል ወግቶት ሊሆን ይችላል።

በሩ ብዙ ጊዜ ተከታትሎ ተከፍቶና ተዘግቶ ከነበረ ሞተሩ ግሎ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት።

ግድግዳው ሠርቶ ሪሞቱ እምቢ ካለ

መጀመሪያ የቁልፍ ምልክት ያለበትን የግድግዳ መጫኛ ይዩ። “ሎክ” ወይም “ቫኬሽን” የሚባለው ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ ከተነካ ሪሞቶቹን ሁሉ ይዘጋል፤ መጫኛው ላይም ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል። ቀጥሎ የሪሞቱን ባትሪ ይቀይሩ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ክቧን ሲአር2032 ነው።

ሪሞቱ ከመንገድ እምቢ ብሎ በሩ ሥር ሲደርሱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ላይ የገባውን አምፖል ይጠርጥሩ። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች የሪሞቱን ሞገድ ይረብሻሉ። አምፖሉን አውጥተው ይሞክሩ፤ ርቀቱ ከተመለሰ ለጋራዥ ሞተር ተብሎ የተሠራ አምፖል ይግዙ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ሪሞቱን እንደገና ያስተዋውቁት። ከሞተሩ ኋላ ወይም ጎን፣ ከተንጠለጠለችው የአንቴና ሽቦ አጠገብ “ለርን” የሚል ቁልፍ አለ። በብዙዎቹ ሞተሮች እሱን ጫን አድርጎ መልቀቅና በ30 ሰከንድ ውስጥ የሪሞቱን ቁልፍ አምፖሉ ብልጭ እስኪል መጫን ይበቃል። “ለርን”ን ለስድስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ግን የተመዘገቡትን ሪሞቶች በሙሉ ይሰርዛል፤ እንዳይሳሳቱ።

ሞተሩ እየሠራ በሩ ካልተነሳ

ሰንሰለቱ እየሄደ በሩ ቆሞ ከቀረ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ሐዲድ የተንጠለጠለው ቀዩ ገመድ ተስቧል ማለት ነው። ገመዱ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ነው። ለመመለስ፣ በብዙ ሞተሮች፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ ገመዱን ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ሳብ አድርገው ይልቀቁና ሞተሩን ያስነሱ። ማያያዣው ሲደርስ “ቀጭ” ብሎ ይያያዛል።

ሞተሩ እየዞረ ሰንሰለቱ ካልተንቀሳቀሰ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቷል። ሞተሩን ከሶኬት ነቅለው ሽፋኑን ሲከፍቱ የፕላስቲክ ብናኝ ያገኛሉ። ጥርሱ ብቻውን ይሸጣል፤ ሞተሩን ሙሉ መቀየር የግድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ጥርሱን የሚበላው ሚዛኑን ያጣ በር ነው። ሞላው ሳይስተካከል አዲስ ጥርስ ከገባ ያም በተራው ይበላል።

እምም ብቻ ብሎ የማይዞር ሞተር ኮንደንሰሩ፣ ማለትም ለማስነሻ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ሳይሞት አይቀርም። ኮንደንሰር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ስለሚይዝ ለባለሙያ ይተዉት። ከዚያ በፊት ግን ከበሩ ውስጥ በኩል ያለው የብረት መወርወሪያ ተቆልፎ እንዳልቀረ ይዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከበሩ ግርጌ ያሉትን ሁለት ዓይኖች በመጥረግ ይደክማል። እነዚህ ሴንሰሮች በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ የግድ የሆኑት በር ሰው ላይ እንዳይዘጋ ነው። ሲቆሽሹ ወይም ሲዛነፉ በሩ አልዘጋ ይላል እንጂ አልከፈት አይልም።

በእጅ ለመክፈት

መብራት ጠፍቶ ከሆነ በሩ መዘጋቱን፣ በአጠገቡም ልጅ አለመኖሩን አረጋግጠው ቀዩን ገመድ ወደ ታች ይሳቡ። በሩን በሁለት እጅ፣ በመያዣው ወይም ከግርጌው ይዘው ቀስ ብለው ያንሱ። ጣትዎን በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ አያስገቡ። በሩ ክፍት ሆኖ ሞላው ከተሰበረ ገመዱን በፍጹም አይንኩ፤ በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል።

ሞላው ተሰብሮ መኪናው ውስጥ ከቀረና መውጣቱ ግድ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ሰዎች እኩል ያንሱት። በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር ጠንካራ እንጨት አቁመው ይደግፉት፣ መኪናውን ያውጡ፣ በሩን በዝግታ ያውርዱ። ኬብሉ ከወጣ ግን ይህንንም አይሞክሩ።

በብርድ ወቅት

ሚኒሶታም ሆነ ዴንቨር፣ በረዶ ቀልጦ ማታ ሲረጋ ከበሩ ግርጌ ያለውን ጎማ ከሲሚንቶው ጋር ያጣብቀዋል። በሞተር ከተጎተተ ጎማው ይቀደዳል። በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ያላቁት። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ለጊዜው ቢረዳም ሲመሽ ተመልሶ ይረጋል። ከተላቀቀ በኋላ ወለሉን አድርቀው ጎማውን ሲሊኮን ይንፉበት።

ለማጠፊያዎቹ፣ ለሮለሮቹ ኩሽኔታና ለሞላው የሲሊኮን ወይም የነጭ ሊቲየም ስፕሬይ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ተራው ደብልዩዲ-40 ያለውን ቅባት አጥቦ ይሄዳል እንጂ ለብዙ ጊዜ አያለሰልስም። ሐዲዱን በጨርቅ ይጥረጉት፣ ግራሶ ግን አይቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል።

ቅባቱን በነፉበት ቀን ሚዛኑንም ይፈትሹ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ቀዩን ገመድ ይሳቡ፣ በሩን እስከ ወገብ ያንሱና እጅዎን ሳያርቁ ላላ ያድርጉት። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ወደ ታች ከሸሸ ሞላው ደክሟል፣ ሽቅብ ከሄደም ከመጠን በላይ ጠብቋል። በሁለቱም ጊዜ የሚያስፈልገው የሞላ ባለሙያ ነው።