ከትንንሽ ልጆች ጋር ማጂክ ኪንግደም እንዴት ይዋላል?

ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ አራት የዲዝኒ ፓርኮች አሉ። ከ6 ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤተሰብ የምመርጠው ማጂክ ኪንግደምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ ሲሆን፣ ቁመት የማይጠይቁ መጫወቻዎች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ቀኑ የሚያምረው ግን በትንሿ ልጅ አቅም ስታቅዱ ነው። ትልልቆቹ በእሷ ልክ ቢሄዱም ይደሰታሉ። እሷ በእነሱ ልክ ከሄደች ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ያለቅሳል።

1. ዕድሜ ቁጠሩ
ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቲኬት አያስፈልገውም። ሦስተኛ ልደቱ የተቃረበ ልጅ ካላችሁ ጉዞውን ከልደቱ በፊት አድርጉት።

2. ቁመት ቤት ለኩ
ብዙ ወላጅ የሚዘለው ይሄን ነው፤ ቀኑን የሚያበላሸውም ይሄው ነው። ልጁ በዕለቱ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ግድግዳ ላይ ይደገፍና ለኩት። ባርንስቶርመር 35 ኢንች (89 ሳ.ሜ)፣ ስፔስ ማውንቴን 44 ኢንች (112 ሳ.ሜ)፣ ትሮን 48 ኢንች (122 ሳ.ሜ) ይጠይቃሉ። ዳምቦ፣ ካሩሰሉ እና ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ቁመት አይጠይቁም።

መጫወቻው በር ላይ ሠራተኛዋ መለኪያውን ይዛ ልጁን ጠጋ ታደርገዋለች። ጭንቅላቱ ካልደረሰ አለቀ፤ ልመና አይሠራም። በጣት ጫፍ መቆምም አያዋጣም፣ ተረከዙን ታየዋለች። ጫማ ውስጥ ሶፍት የሚጠቀጥቁ ወላጆች አሉ። በፍጹም አታድርጉት! ቁመቱ የተወሰነው ልጁን የሚይዘው ብረት በትክክል እንዲይዘው ነው።

ስለዚህ ለቅሶው እቤት ይለቅ። የመጫወቻዎቹን ቪዲዮ ስልክ ላይ አሳዩትና "ይሄ ዘንድሮ አይደርስህም፣ ከእነዚህ ግን የፈለግከውን ምረጥ" በሉት። ራሱ የመረጠውን ይዞ የሄደ ልጅ በር ላይ አይንከባለልም።

ትልቅና ትንሽ ልጅ አብረው ካሉ "ራይደር ስዊች" ጠይቁ። ነጻ ነው። ከመሰለፋችሁ በፊት ሁላችሁም በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ ታዩ። አባት ትልቁን ይዞ ይሰለፋል፣ እናት ከትንሿ ጋር ትጠብቃለች። እነሱ ሲወጡ ደግሞ እናት ረጅሙን ሰልፍ ሳትሰለፍ ትገባለች። ሳይነግሯችሁ ሊያልፍ ስለሚችል ራሳችሁ ጠይቁ።

3. ማልዳችሁ ግቡ፣ ቀትር ላይ ውጡ
ፓርኪንጉ በሩ ላይ አይደለም። ሐይቁን በጀልባ ትሻገራላችሁ ወይም በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ትዞሩታላችሁ፤ ፍተሻም አለ። ልጅ ተይዞ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ተነሱ። በሩ ሲከፈት ገና ከመኪና የሚወርድ ሰው አርፍዷል።

ቀትር ላይ ሙቀቱና ሰዉ ሲበረታ ሆቴል ተመልሳችሁ አስተኟቸው። በዚያው ቲኬት ማታ መመለስ ይቻላል። "ይሄን ያህል ገንዘብ ከፍለን እንዴት እንተኛ?" የሚል አይጠፋም። እንቅልፍ ያጣች የሦስት ዓመት ልጅ ግን ምንም ብታሳዩአት አይታያትም። በፍሎሪዳ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ይበዛል። ውጭ ያሉት መጫወቻዎች በመብረቅ ምክንያት ስለሚዘጉ በዚያ ሰዓት መተኛት ምንም አያስቀርባችሁም።

4. ስንቅ ያዙ
መሞቅ የማያስፈልገው ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ብርጭቆ፣ ጠርሙስና የአልኮል መጠጥ ክልክል ነው። ጉዞው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው፤ ለሚጾሙት አያት የጾም ምግብ ከቤት መያዙ ይሻላል። ዳቦ ቆሎ ከረጢት ውስጥ አይበላሽም። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል። ፈጣን ምግብ ቤቶቹ ቀዝቃዛ ውሃ በነጻ ስለሚሰጡ ውሃ አትግዙ።

5. ስትሮለር (የልጅ ጋሪ)
"አድጓል" ብላችሁ አትተዉት፤ የአምስት ዓመት ልጅም ይደክመዋል። ስፋቱ ከ31 ኢንች፣ ርዝመቱ ከ52 ኢንች መብለጥ የለበትም። ልጅ የሚጎተትበት ዋገን አይገባም። መጫወቻ ላይ ስትሆኑ ሠራተኞች ስትሮለሩን አንስተው ሌላ ቦታ ሊደረድሩት ይችላሉ። መቶ ከሚመስለው መሀል በቶሎ እንድታገኙት እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት። ቦርሳና ፓስፖርት ግን እላዩ ላይ አይቀመጥም።

6. ልጅ እንዳይጠፋ
ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ። ደረቱ ላይ ስም የተለጠፈበትን ሠራተኛ ጠዋት አሳዩትና "ካጣኸን እዚህ ሰው ጋ ሂድ" በሉት። እንግሊዝኛ የማይችሉ አያት አብረው ካሉ ለእሳቸውም ቁጥሩን በወረቀት ስጧቸው። የጠፉ ልጆች የሚወሰዱት ቤቢ ኬር ሴንተር ነው። ከዋናው ጎዳና ጫፍ፣ ወደ ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ስትጠጉ ታገኙታላችሁ። ዳይፐር መቀየሪያና ማጥቢያ ክፍልም አለው።

7. ማታ
ማታ ርችት ይተኮሳል፤ ድምፁ ያስደነግጣል፤ ለሕፃን የጆሮ መከላከያ ያዙ። ርችቱ ሳይጀምር ዳይፐር ቀይሩ፣ ፒጃማ አልብሱ። ሲያልቅ ሕዝቡ በአንዴ ወደ ጀልባውና ወደ ሞኖሬይሉ ይጎርፋል። ወይ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ ወይ ግፊያው እስኪቀንስ አንድ ቦታ ተቀመጡ።