የድሮ ሞዴል ሮኬት ኪት፦ ከሥራ ጠረጴዛው እስከ ማስወንጨፊያው የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለብዙ ዓመታት ሳጥን ውስጥ የከረመ የሞዴል ሮኬት ኪት (ራሳችሁ ገጣጥማችሁ የምታስወነጭፉት ትንሽ ሮኬት) ሲከፈት የካርቶን ቱቦውና የባልሳ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ዕድሜ የሚጎዳው ላስቲኩን፣ የፓራሹቱን ፕላስቲክና ሞተሩን ነው። ኦሪጅናሉን መቀየር ያሳሳል፤ እኔንም ያሳሳኛል። ግን ኪቱ የተሠራው እንዲበር ነው። አሮጌውን ዕቃ ለማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት፣ ለበረራው አዲስ ተኩ።

ላስቲኩ ይበጠሳል

ይህ ላስቲክ አፍንጫውን ከቱቦው ጋር ያያይዛል። በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳብ አድርጉትና ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ አልቆለታል። አንድ ጊዜ አሮጌውን ሳስቼለት እንዳለ ተውኩት። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ፓራሹቱም ተከፈተ፤ ላስቲኩ ግን እዚያው ሰማይ ላይ ተበጠሰ። አፍንጫው በፓራሹቱ እየተንሳፈፈ ሄደ። ቱቦው እንደ ድንጋይ ወርዶ አንዱ ክንፍ ከሥሩ ተገነጠለ። መፍትሄው የልብስ ስፌት ላስቲክ ነው። ርዝመቱ የቱቦውን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ካጠረ አፍንጫው ተስፈንጥሮ ይመለስና የቱቦውን አፍ ይጎዳል።

የሞተር መያዣው መሃል መንገድ ላይ ይያዛል

ነጭ ኮላ ካርቶኑን ያሳብጠዋል። መያዣውን ወደ ቱቦው ስትገፉ ለአፍታ ቆም ካላችሁ እዚያው ነክሶ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኮላ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከጠበቀ በመያዣው ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች በብርጭቆ ወረቀት አሹ። ከዚያ ኮላውን በቀጭን እንጨት የፊተኛው ቀለበት በሚያርፍበት ቦታ ቱቦው ውስጥ ቀቡና በአንድ ትንፋሽ ግፉት።

ክንፉ ይሰበራል

የባልሳው ጭረት (የእንጨቱ ክር የሚሄድበት አቅጣጫ) ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ትይዩ ካልሆነ በትንሽ ግጭት ይሰነጠቃል። የክንፉ ቅርጽ እንጨቱ ላይ የታተመ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ቢበላሽ ምትክ አይገኝም። የተጣመመውን በትንሹ አርጥባችሁ ጠፍጣፋ ነገር መካከል አሳድሩት። ስትለጥፉ መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ስስ ኮላ ቀብታችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ደግማችሁ ቀብታችሁ ያዙት።

ከማስወንጨፊያ ዘንጉ እንደወጣ ይገለባበጣል

ከሁሉም የሚያስፈራው ይኼ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና። ምክንያቱ የክብደቱ ማዕከል (ሮኬቱ የሚመጣጠንበት ነጥብ) ከአየር ግፊቱ ማዕከል (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ወደ ኋላ ማፈግፈጉ ነው። አሮጌ ኪት ሲሠራ ይህ በቀላሉ ይመጣል። የተሰበረው ክንፍ በወፍራም እንጨት ይተካል፣ ኮላ ይደራረባል፣ ቀለሙ ይወፍራል፤ ያ ሁሉ ክብደት ጭራው ላይ ነው። የክብደቱ ማዕከል ቢያንስ በቱቦው ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ባለው ስፋት) ያህል ወደፊት መቅደም አለበት።

ሞተሩን ሳትለኩሱ የምታረጋግጡበት መንገድ አለ። ሞተሩንም ፓራሹቱንም አስገቡና ሮኬቱ በትክክል የሚመጣጠንበት ቦታ ላይ ረጅም ክር እሰሩ። ክሩ እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዙት። ከዚያ ሜዳ ወጥታችሁ ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት። አፍንጫው እየመራ ከዞረ ደህና ነው። በጎኑ ወይም በጭራው ከዞረ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ የመቅረጫ ሸክላ ጨምሩ፣ ክሩን በአዲሱ ቦታ እሰሩና ድገሙ። እስኪስተካከል ድረስ አታስወንጭፉት።

ፓራሹቱ አይከፈትም፣ ወይም ቀልጦ ይወርዳል

ከቀለጠ ፓራሹቱን ከሞተሩ ትኩስ ጋዝ የሚጠብቀው እሳት የማይዘው መከላከያ ወረቀት አንሷል። ተራ ሶፍት አይተካውም፤ እየተቃጠለ ወርዶ ሣር ያነዳል። ሳይከፈት ከወረደ ደግሞ ፕላስቲኩ ታጥፎ ኖሮ ተጣብቋል። የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ ሊበር ሲል ብቻ እጠፉት። አፍንጫውንም ፈትሹ። ሮኬቱን በአፍንጫው ስታንጠለጥሉት ቱቦው በራሱ መውደቅ የለበትም፤ ትንሽ ስትነቀንቁት ግን መላቀቅ አለበት።

ላስቲኩ ቱቦውን ሰንጥቆ ይከፍተዋል

ፓራሹቱ የወጣው ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየሄደ ሳለ ነው። የሞተሩን ጽሑፍ አንብቡ። ለምሳሌ ቢ6-4 (B6-4) በሚለው ላይ ፊደሉ የጠቅላላ ጉልበቱን ደረጃ ይናገራል። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። 4 ደግሞ ሞተሩ ነድዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። ሰከንዱ ሲበዛም ሲያንስም ሮኬቱ ጫፍ ላይ ቀስ ያለበትን ጊዜ ይስታል። በአሮጌ መመሪያ ላይ ኤ.8-3 የሚል ካያችሁ ነጥቧን አትዝለሏት። ያኔ ግፊት የሚለካው በፓውንድ ነበር፤ 0.8 ፓውንድ ወደ 3.6 ኒውተን ነው። የዛሬው ኤ8-3 ላይ ግን 8 የሚለካው በኒውተን ነው።

አሮጌው ሞተር ይፈነዳል

ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት የኖረ ባሩድ ይሰነጠቃል፣ ወይም ከካርቶኑ ይላቀቃል። ሲለኮስ እሳቱ በስንጥቁ ሁሉ ይገባል፣ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ሮኬታችሁ ይበጣጠሳል። ሳጥኑ ውስጥ ያገኛችሁትን አትለኩሱት፣ አትሰንጥቁትም። አዲስ ግዙ።

ቁልፉ ተጫነ፣ ምንም የለም

መጀመሪያ የደህንነት ቁልፉን ንቀሉ፣ 60 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ብቻ ቅረቡ። አብዛኛውን ጊዜ የማቀጣጠያው ጫፍ ባሩዱን አልነካም፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ሁለት መቆንጠጫዎች ተነካክተዋል። የጠቆሩ መቆንጠጫዎችን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ባትሪውን ቀይሩ። ማቀጣጠያውን ሁሌም በአዲስ ተኩ።