ማርሚታ ቀይራችሁ ሞተር ሳይክሉ መተኮስ ከጀመረ፦ ችግርና መፍትሄ

ድምፁ የሚያስገመግም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ማሰር የብዙ ሞተረኛ ምኞት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከታሰረ በኋላ ነው። ይተኩሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ሁሉም በቀጥታ ወደ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ወደሚቀይጠው ክፍል) ይሮጣል። ቆይ! መገጣጠሚያው አየር እያስገባ ካርቡሬተር የነካካ ሰው አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርገዋል፤ በኋላ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ይከብዳል። መጀመሪያ ማሸጊያውን፣ ቀጥሎ አስተሳሰሩን እዩ፤ ነዳጁ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ስላላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ሳይክሎች ነው። ቦክሰር፣ አፓቼ፣ ፐልሳርና መሰሎቻቸው ማለት ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ ያለ ባለ ሁለት ስትሮክ ከሆነ የያዛችሁት ግን ቱቦውን አትቁረጡ፣ አትብሱም። የእነሱ የሆዱ ስፋትና ርዝመት ራሱ የሞተሩ አካል ነው፤ ሲቀየር ጉልበቱ ይሄዳል።

ነዳጅ ስትለቁ ይተኩሳል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ቁልቁለት ላይ ወይም ማርሽ ስትቀንሱ ከኋላ ቷ ቷ ይላል። የነዳጅ መስጫውን ስትለቁ በሲሊንደሩ ውስጥ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ቱቦው ይወጣል። ቱቦው ግሏል፣ የጎደለው አየር ብቻ ነው። በሆነ ቀዳዳ ንጹህ አየር ከገባ እዚያው ውስጥ ይቀጣጠላል። በድሮው ማርሚታም ትንሽ ትንሽ ሊኖር ይችላል፤ ታፍኖ ስለሚቀር አይሰማም።

አየሩ የሚገባው በአብዛኛው ቱቦው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር በሚገጥምበት ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ቀለበት የመሰለ የመዳብ ጋስኬት (ማሸጊያ) አለ። አንዴ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የዚያን ቱቦ ቅርጽ ይይዛል፤ በሌላ ቱቦ ላይ እንደገና አያሽግም። ከማርሚታው ዋጋ አንጻር ምንም ስለሆነ አዲስ ግዙ። አንዳንዴ አሮጌው ጋስኬት ውስጥ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይገባል። ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። ካለ በቀስታ ፈልቅቃችሁ አውጡት፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ እንዳትቧጭሩት።

ማፍሰሱን ለማወቅ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሱት። ጓንት አድርጋችሁ፣ ግልጥ ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ የኋላ መውጫውን በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ሸፈን አድርጉት። ከፊት በኩል እፍ እፍ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያፈስሳል። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ብትቀቡ አረፋ ያወጣል። ጥቂት ቀን የተነዳ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን ጥቁር ጥላሸት ይታያል፤ ያ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሄው ሁሉንም ማላላት ነው፣ የማርሚታውን ማንጠልጠያ ጭምር። ቱቦውን ወደ ቴስታታው በእጅ አስገቡ፣ ሁለቱን ዳዶዎች በጣት አስይዙ፣ ከዚያ ማንጠልጠያውን በጣት። ሁሉም ያለ ግፊት ቦታው ላይ ካረፈ ብቻ ቁልፍ አንሱ። ከቴስታታው ጀምሩና አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያላችሁ እኩል አስኪዷቸው፤ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቱቦውን ያጋድለዋል፣ ያጋደለ ቱቦ ደግሞ አዲስ ጋስኬት ቢኖረውም ያፈስሳል። ባለ 6 ሚሊ ብሎን ወደ 10 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 8 ሚሊ ወደ 20 ይበቃዋል፤ የሞተር ሳይክላችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሹ። መዳቡ ሲግል ስለሚለሰልስ ዳዶው ትንሽ ይላላል።

አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቴስታታው የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ሥራዋ ሆን ብላ ንጹህ አየር ወደ ጭሱ ማስገባት ነው፣ የተረፈው ነዳጅ እንዲቃጠል። ክፍት (ድምፅ የማያፍን) ማርሚታ ሲታሰር የእሷም ተኩስ መሰማት ይጀምራል። ጋራዥ ውስጥ ወዲያው ሊደፍኗት ይፈልጋሉ። እኔ አልመክርም። የተሠራችው ጭሱን ለማጽዳት ነው፣ ለስለስ ያለ ተኩስ ደግሞ ሞተሩን አይጎዳም። ተኩሱ ከበረታ ቫልቯ በደንብ መዝጋቷን አስመርምሩ።

ማሸጊያው ደህና ሆኖ አሁንም የሚተኩስ ከሆነ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝግታ የሚሠራበት ዙር) አካባቢ ነዳጅ አንሶታል። አሁን ካርቡሬተሩን መንካት ይቻላል። ቅይጡን የምታስተካክለው ትንሽ ብሎን የት እንዳለች መጀመሪያ እዩ። በሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ነዳጅ ነው፤ ወደ ውጭ ስትፈታ ነዳጅ ይጨምራል። በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ወደ ውጭ ስትፈታ ነዳጅ ይቀንሳል። ይህን ሳያዩ አዙረው ነው ብዙዎች ላስተካክል ሲሉ የባሰበት። ከመጀመራችሁ በፊት እስክትቆም ድረስ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አዙሩ፣ ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ፣ ወደ ነበረችበት መልሱ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ሞክሩ። ጫፏ ቀጭን ስለሆነ መጨረሻ ላይ በኃይል አትጫኗት።

አዲስ አበባ ደህና፣ አዋሽ ሲወርድ የሚታመም

ይህ ብዙ ስለማይነሳ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ነዳጅ ይበዛበታል። ክፍት ማርሚታ ደግሞ በተቃራኒው አየር ያበዛና ነዳጁን ያሳንሳል። ሁለቱ ይቻቻላሉ። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ብዙ ሰው ማርሚታ ቀይሮ፣ ካርቡሬተር ሳይነካ፣ ምንም ሳይሆን የሚነዳው። ስለዚህ ዝቅተኛ አገር ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አይታችሁ ትልቁን ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ለመቀየር አትቸኩሉ። እዚህ ያንን ብታደርጉ ካንዴላው (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) በጥላሸት ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል።

አሁን ያው ሞተር ሳይክል አዋሽ ሰባት ይውረድ። ከፍታው 1000 ሜትር ግድም ነው። ሰመራ ከሄደ 500 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከፍታው የሸፈነው የነዳጅ እጥረት እዚያ ይገለጣል። ነዳጅ ሰጥታችሁ በአንድ ፍጥነት ስትሄዱ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ ይላል። ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይግላል፣ ሙቀቱ ለእግር ይሰማል። ከፊት ያለው ቱቦ በጨለማ ሲታይ እስከ መቅላት ሊደርስ ይችላል።

እውነቱን የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። ሞተሩን በደንብ ካሠራችሁት በኋላ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ እየሄዳችሁ ሳለ፣ ግልጥና መኪና የሌለበት ቦታ ላይ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አጥፉት፣ ዳር ውጡ። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቶበታል። እርጥብና ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ጉዳዩ የማርሚታ አይደለም፣ ፒስቶን ቀለበት ወይም ቫልቭ ውስጥ ዘይት እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስም የዚሁ ምልክት ነው።

ነጩ የመጣው ነዳጅ ሙሉ ሰጥታችሁ ከሆነ ትልቁን ጄት አንድ ደረጃ ብቻ አሳድጉ። ነዳጁ መካከል ላይ ሲሆን ከሆነ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ ከፍ አድርጉ፣ ማለትም የያዘቻትን ቅንጥብ አንድ ጥርስ ወደ ታች አውርዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የምትነዱት ደጋ ላይ ከሆነ ደጋ ላይ አስተካክሉ፣ ኑሯችሁ ቆላ ከሆነ ቆላ። ሁለቱም ጋ የሚመላለስ ሰው ለቆላው ያስተካክል፤ ደጋ ላይ ትንሽ ነዳጅ መብዛት ሞተር አያቃጥልም፣ ቆላ ላይ ማነሱ ግን ፒስቶን ሊያበላሽ ይችላል።

ከታች ጉልበት የለውም

ድምፁ የእሽቅድምድም፣ ዳገት ላይ ግን አይጎትትም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጋር የማይመጣጠን ሰፊ ወይም በጣም አጭር ቱቦ ነው። ጭሱ በጠባብ ቱቦ ሲሄድ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱም ቀጣዩን ጭስ ከሲሊንደሩ ስቦ ለማውጣት ያግዛል። ለ600 ሲሲ የሚሆን ቱቦ 150 ሲሲ ላይ ሲታሰር ይህ ይጠፋል። ከፊት ያለውን የፋብሪካ ቱቦ ትታችሁ የኋላውን ብቻ ቀይሩ። ከማርሚታው ውስጥ ድምፅ ማፈኛው ወጥቶ ከሆነም መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ከታች የጠፋው ጉልበት የሚመለሰው እሱ ሲገባ ነው። ገበያ ላይ አክራፖቪች ወይም ዮሺሙራ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አስመስሎ የተሠሩ ማርሚታዎች ሞልተዋል። ጽሑፉን ተዉትና ውስጡን አይታችሁ፣ የመገጣጠሚያውን ስፋት ለክታችሁ ግዙ።

ይንቀጫቀጫል፣ ይሰነጠቃል

አዲሱ ማርሚታ ብየዳው ጋ ከተሰነጠቀ በላዩ ላይ መበየድ ብቻውን አይበቃም። እንደገና እዚያው ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ማንጠልጠያው ቱቦውን ጎትቶ መያዙ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሻንሲው ግን ቆሞ ይይዛል፣ መካከል ያለው ቱቦ ይሰበራል። ማንጠልጠያው ላይ የጎማ ቡሽ ይግባ። ብሎኑ ሲፈታ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ ቱቦውን በጉልበት አታምጡት፤ ማንጠልጠያውን አስተካክሉ።

በውስጥ የሚንኳኳ ከሆነ ወይ ድምፅ ማፈኛው ላልቷል ወይ በዙሪያው ያለው ፋይበር ተቃጥሎ አልቋል። ፋይበሩ ሲያልቅ ድምፁም ቀስ በቀስ እየጮኸ ይሄዳል። ለማርሚታ የተሠራውን ግዙ እንጂ ከግንባታ የተረፈ አታስገቡ፤ ማጣበቂያው ይቃጠላል፣ ይሸታል፣ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ሰው ከኋላ አስቀምጣችሁ ማርሚታው የኋላውን ጎማ ሹካ፣ የፍሬን ቱቦውን ወይም ፕላስቲኩን አለመንካቱን እዩ። ባዶ ሲቆም ክፍተት ያለው ሲጫን ሊነካ ይችላል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግር የሚያርፍበት ቦታ የሚግል ከሆነ ሙቀት መከላከያ ይታሰርበት።

የቴስታታው ብሎን አልፈታ አለ

አታስጨንቁት፣ ቢሰበር ወጪው ከማርሚታው ይበልጣል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። ካልሆነ አካባቢውን በእሳት አሙቁ፤ ነዳጅ በሌለበት፣ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ወርዶ። ወደ መፍታት ትንሽ፣ ወደ ማጥበቅ ትንሽ እያላችሁ አላቅቁት።

ድምፁ ከልክ ያለፈ ነው

ዴሲቤል በ10 ሲጨምር ለጆሮ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። 85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ይቻላል ተብሎ ሲወሰድ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ የሚጠፋው የራሱ ጆሮ ነው። የሌሊቱ ሰፈርም አለ፤ የታመመ፣ ያረገዘች፣ ገና ያስተኙት ሕፃን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅ ላይም ደረጃ እንዲወጣ ያዛል፣ አዲስ አበባም በ2011 ሰኔ መጨረሻ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ካወጣች ወዲህ ሞተረኛ በቀላሉ ዓይን ውስጥ ይገባል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ድምፅ ማፈኛውን መልሱ፣ በብሎን አስይዙት፣ ፋይበሩን አድሱ።

የሞተር መብራት በራ

ይህ ኢንጀክሽን ላላቸው ነው፤ በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ ለሚረጩት። ቱቦው ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ካለ አዲሱም ቱቦ ማስገቢያ ሊኖረው ይገባል። ሴንሰሩን ነቅሎ ማንጠልጠል መፍትሄ አይደለም። ከሴንሰሩ በፊት አየር ከገባም ኮምፒውተሩ ይታለላል፣ ነዳጅ አንሷል ብሎ ይጨምራል። ማሸጊያውን አስተካክሉ፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የስህተት ኮድ አስነብቡና አስጠፉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ የፋብሪካውን ማርሚታ በአዲስ ጋስኬት መልሳችሁ እሰሩ፣ ካርቡሬተሩንም ወደ ነበረበት መልሱ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የአዲሱ ቱቦ ነው። ካልጠፋ ደግሞ የቫልቭ ክፍተት፣ አየር ማጣሪያና በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለችው ጎማ በቅደም ተከተል ይታዩ። ለዚህ ሲባል የድሮውን ማርሚታ አትሽጡት።