ስንዴ ስታዳቅሉ ዓይናችሁን አትመኑ

አንድ የስንዴ ዝርያ ከተዳቀለበት ቀን አንስቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ስምንት፣ አሥር ዓመት ይፈጃል። ዛሬ የተሠራች ስህተት ቆይታ ነው ጉድ የምታፈላው። አዘውትረው የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

አርፍዶ ወረንጦ ማንሳት። ስንዴ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። በአንዲት አበባ ውስጥ ሦስት የወንዴ ብናኝ ቋቶች አሉ። ለእናትነት በመረጣችሁት ዛላ ላይ እነዚህን በወረንጦ መልቀም ያለባችሁ ገና አረንጓዴ ሳሉ ነው። ቢጫ ሆነው ካገኛችኋቸው ረፍዷል፣ ሌላ ዛላ ፈልጉ። አንዲት ቋት ብትረሱ እንኳ እናትየዋ ከራሷ ትፀንሳለች። እናንተ ደግሞ ድቅል አገኘሁ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ የእሷኑ ግልባጭ ስትንከባከቡ ትከርማላችሁ። ከለቀማችሁ በኋላ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሴቴዋ እንደ ላባ ስትፈካ የአባትየውን ብናኝ ነስንሱባት።

የጠገበችውን ተክል መምረጥ። ሁለተኛው ትውልድ ዝብርቅርቅ ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ቀዩ ከነጩ። ዓይን ወዲያው ብዙ ያቆጠቆጠችው ላይ ያርፋል። እስቲ አጠገቧን እዩ። ክፍት ቦታ አለ፣ ወይም ማሳው ዳር ላይ ናት። የጠገበችው የሚሻማት ጎረቤት ስለሌላት ነው! በዚህ ደረጃ ቁመት፣ በሽታ መቋቋምና የመድረሻ ጊዜ ይበቃችኋል። ምርት የሚመዘነው ኋላ፣ በመደብ ሲዘራ ነው።

በአንድ ጂን መተማመን። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ መታ። ገበሬው ፊቱን በ2005 ወደተለቀቀው ዲገሉ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር፤ ዓለም ለፈራው፣ ዩጂ99 ለተባለው የግንድ ዋግ ዘርም አልተበገረም። ታዲያ ምን ጎደለው? የግንድ ዋግ መከላከያው በዋነኝነት በአንድ ጂን ላይ የቆመ ነበር። በ2013 መጨረሻ ያንን ጂን የሚያልፍ ሌላ የዋግ ዘር አርሲና ባሌ ላይ ተነሳ። ዛላ ያወጣ፣ ዓይን የሚሞላ ስንዴ ግንዱ ዝገት መስሎ ፍሬው ተጨማተረ። አንዳንዱ ማሳ ጭራሽ አጨዳ አላየም። ስለዚህ ጂኖችን ደራርቡ። በሽታውን ፈጽመው ባይከለክሉም የሚያዘገዩትንም አትናቁ፣ ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

አንድ ቦታ ብቻ መሞከር። አርሲ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ያማረበት ስንዴ ቆላው አፋር፣ ወረር ወርዶ፣ በአዋሽ መስኖና ሙቀት ቶሎ ደርሶ ፍሬው ሊቀጭጭ ይችላል። በተለያየ ቦታና ዓመት ሳትፈትኑ አትፍረዱ።

ኩንታል ብቻ መቁጠር። አጭር ስንዴ ማዳበሪያ ሲበዛበት በቀላሉ አይጋሸብም፤ የአሜሪካዊው ስንዴ አዳቃይ የኖርማን ቦርሎግ ስንዴዎችም የተሳካላቸው በዚሁ ጭምር ነው። ግን እጅግ ካሳጠራችሁት የእኛ ገበሬ «ከብቶቼስ ምን ይብሉ?» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ገለባውም ምርት ነው። ዱቄቱም አለ። ዝርያው ከመለቀቁ በፊት ትንሽ ፈጭታችሁ ጋገራ ለሚያውቁ እናት ስጡ። ሊጡ እጃቸው ላይ ካልተሳበ፣ ድፎው ካልተነፋ፣ ሳይደብቁ ይነግሯችኋል።