የማጽደቂያው አዝራር ለምን አይታይም? የኢአርፒኔክስት የሥራ ፍሰት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ በሆነው ሶፍትዌር ኢአርፒኔክስት ላይ የሥራ ፍሰት፣ ማለትም ሰነድ ከሰው ወደ ሰው እያለፈ የሚጸድቅበትን መንገድ፣ ነድፈን ለሠራተኛ ስናስረክብ ቅሬታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ስለ አዝራር ነው፤ ጠፋ፣ እምቢ አለ፣ ያለ ቦታው መጣ። መንስኤው ግን አዝራሩ ላይ እምብዛም አይገኝም። በ«አክሽንስ» ዝርዝር ውስጥ አንድ ምርጫ የሚወጣው ሰነዱ የደረሰበት ደረጃ፣ የተጠቃሚው ሚናና የተጻፈው ሁኔታ (ለምሳሌ ድምሩ ከዚህ ይበልጣል የሚል) ሲገጣጠሙ ነው። ኮድ ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ። እዚህ የምጠቀምበት ምሳሌ የግዢ ትዕዛዝ ነው።

«ለእኔ ይታየኛል፤ ለሥራ አስኪያጁ አይታየውም»

«አድሚኒስትሬተር» በተባለው መለያ ገብተው እየሞከሩ ከሆነ ሠራተኛው የሚያየውን ቅጽ እያዩ አይደለም። ይህ መለያ ሁሉም ሚናዎች አሉት፤ የራስን ሰነድ ማጽደቅ የሚከለክለው ደንብም አይመለከተውም። የሥራ አስኪያጁ ሚና ብቻ ያለው የሙከራ መለያ ከፍተው በእሱ ይግቡ። ቀጥሎ ሰነዱ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፍባቸው መንገዶች በተዘረዘሩበት የሽግግሮች ሠንጠረዥ ውስጥ «አላውድ» በሚለው ዓምድ የተመረጠው ሚና ለሰውየው መሰጠቱን ያረጋግጡ።

ሚናው ትክክል ሆኖ አዝራሩ አሁንም ካልታየ ሰነዱን የፈጠረው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሽግግር «አላው ሰልፍ አፕሩቫል» ላይ ያለው ምልክት ከተነሣ ፈጣሪው የራሱን ሰነድ ማጽደቅ አይችልም። ምልክቱን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ነክ በሆነ ሰነድ ላይ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጠያቂውና አጽዳቂው አንድ ሰው ከሆኑ ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ለዚያው ደረጃ ሁለተኛ አጽዳቂ ይመድቡ።

«አሁን ነበረ፤ ዋጋ ሳስተካክል ጠፋ»

ለውጡ አልተቀመጠም። ያልተቀመጠ ሰነድ ላይ የሥራ ፍሰቱ ምርጫዎች አይወጡም። ያስቀምጡት፤ ይመለሳሉ።

«በአንዳንድ ትዕዛዞች ላይ ብቻ አይወጣም»

ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ይህኛው ነው። ከ100,000 ብር በላይ የሆነው ወደ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ፋይናንስ ኃላፊ እንዲሄድ ሁለት ሽግግሮች ተሠርተዋል እንበል። አንዱ «ይበልጣል»፣ ሌላው «ያንሳል» ተብሎ ከተጻፈ ድምሩ ልክ 100,000 የሆነ ትዕዛዝ መውጫ የለውም፤ ለማንም አዝራር አይመጣለትም። «ያንሳል» የሚለውን «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ያድርጉት።

ከዚህ የከፋ ስህተት የሚመጣው ከገንዘብ ዓይነት ነው። «ግራንድ ቶታል» የተባለው መስክ የሚይዘው ድምሩን ሰነዱ በተጻፈበት ገንዘብ ነው። አቅራቢው በዶላር ከሆነ 5,000 ዶላር በሁኔታው ፊት ከ100,000 ያነሰ ቁጥር ነው፤ ትልቁ ግዢ በትንሹ በር ያልፋል፤ ማንም ስለማያማርርም ሳይታወቅ ይቆያል። ሁኔታውን በድርጅቱ መደበኛ ገንዘብ ተሰልቶ በሚቀመጠው «ቤዝ ግራንድ ቶታል» ላይ ይመሥርቱ። ሁኔታው የሚነበበው በፓይተን ሰዋስው መሆኑንም አይርሱ፤ ከጃቫስክሪፕት የመጡ ማያያዣ ምልክቶች ስህተት ይፈጥራሉ።

«ይታያል፤ ሲጫኑት ግን ፈቃድ የለዎትም ይላል»

ሽግግሩ ሰነዱን ከረቂቅ ወደ «ሰብሚትድ» የሚያሻግር ከሆነ፣ ማለትም የሰነዱን የማስረከቢያ ቁጥር («ዶክስታተስ») ከ0 ወደ 1 የሚቀይር ከሆነ፣ በሥራ ፍሰቱ ውስጥ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም። በሚናዎች ፈቃድ ማስተዳደሪያ ገጽ ለዚያ ሚና በግዢ ትዕዛዝ ላይ የ«ሰብሚት» ፈቃድ ይስጡ።

«የቀድሞዎቹ አዝራሮች በሙሉ በሌላ ተተኩ»

ለአንድ የሰነድ ዓይነት በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ የሥራ ፍሰት ብቻ ነው። አዲሱን ሥራ ላይ ሲያውሉት የቀድሞው ይቆማል። ሁለቱም ካስፈለጉ በአንድ ፍሰት ውስጥ በሁኔታ ይለዩዋቸው።

«በስክሪፕት የጨመርኩት አዝራር ሲያስቀምጡ ይጠፋል»

ቅጹ በታደሰ ቁጥር የተጨመሩ አዝራሮች ይጸዳሉ። ኮዱ ቅጹ ሲጫን በሚሠራው ክፍል ውስጥ ከተጻፈ አዝራሩን መልሶ የሚያመጣው የለም፤ «ሪፍሬሽ» በተባለው ክስተት ውስጥ ያስገቡት። ገና ባልተቀመጠ አዲስ ሰነድ ላይ እንዳይወጣ ደግሞ ሰነዱ አዲስ መሆኑን አስቀድሞ የሚጠይቅ መስመር ይጨምሩ። ከመጀመሪያውም ካልወጣ የቅጹ ኮድ በሚጻፍበት በ«ክላየንት ስክሪፕት» ላይ «ኢኔብልድ» ምልክት መኖሩን ያዩና ገጹን እንደገና ይጫኑት።

«አዝራሩን ደብቄዋለሁ፤ መስኩ ግን አሁንም ይቀየራል»

ይህንን እባክዎ አቅልለው አይዩት። ክላየንት ስክሪፕት የሚሠራው በአሳሹ ውስጥ ብቻ ነው። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው ብዙ መዝገብ ከፋይል በአንድ ጊዜ በሚጭነው የውሂብ ማስገቢያ ወይም ከሌላ ሶፍትዌር በሚላክ ጥያቄ ያንኑ መስክ መቀየር ይችላል። መስኩን ከፍ ወዳለ የፈቃድ እርከን («ፐርሚሽን ሌቭል») ያውጡና ያንን እርከን ለሚመለከተው ሚና ብቻ ይስጡ፤ ይህ ገደብ በሰርቨሩ ላይ ይከበራል። ከዚያ በተራ ሠራተኛ መለያ ገብተው በቅጹ ብቻ ሳይሆን በውሂብ ማስገቢያውም ለመቀየር ይሞክሩ።