በክሪፕቶ ልገሳ የሚንቀሳቀስ በጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳቡን ግልጽ የሚያደርገው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ማንነቱን ያልገለጸ አንድ የቢትኮይን (የክሪፕቶ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ዓይነት) ባለሀብት «ፓይናፕል ፈንድ» በሚል ስም መለገስ ጀምሮ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለ60 ድርጅቶች ሰጠ። ከእርሱ እጅ የወጣው ቢትኮይን በብሎክቼይን፣ ማለትም ግብይቶች በሚሰፍሩበት ክፍት ዲጂታል መዝገብ ላይ፣ ለማንም ይታያል፤ ተቀባዮቹ በገንዘቡ ምን እንደሠሩበት ግን ብሎክቼይን አይናገርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ድርጅቱ የሚይዘው መዝገብ ነው። የሚከተለው አሠራር በአሜሪካ ከግብር ነጻ ሆነው ለተመዘገቡ ድርጅቶች፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸውንም ጨምሮ፣ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ዋሌቱ (ክሪፕቶው የሚያዝበት ዲጂታል ቦርሳ) በገንዘብ ያዡ ስልክ ላይ ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይከፈት። ከሦስት ቁልፎች (ክፍያ የሚጸድቅባቸው ምስጢራዊ ኮዶች) ቢያንስ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ የማይወጣበትን ዓይነት መርጦ፣ ቁልፎቹን ለሦስት የቦርድ አባላት ማከፋፈልና ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ያስፈልጋል። አባል ሲለቅ ቁልፉ ይቀየራል።

ቀጥሎ ቦርዱ የተለገሰው ክሪፕቶ መቼ እንደሚሸጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። በእኔ እምነት በደረሰ ማግስት መሸጥ ይሻላል፤ ዋጋው ይጨምር ይሆናል ብሎ መጠበቅ ለችግረኛ በተሰጠ ገንዘብ መቆመር ነው።

ዋናው ሥራ መዝገቡ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ልገሳ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የክሪፕቶው ዓይነትና መጠን፣ የግብይቱ መለያ ቁጥር፣ በዚያ ሰዓት የነበረው የዶላር ዋጋና ዋጋው የተወሰደበት የገበያ ምንጭ ይመዘገባል። ሲሸጥ ደግሞ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተከፈለው ኮሚሽንና ባንክ የገባው ገንዘብ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ከዚያ ገንዘብ የተፈጸመው ክፍያ ከነደረሰኙ ይያያዛል። አንድ ኦዲተር ከዱቄት መግዣ ደረሰኝ ተነሥቶ እስከ መጀመሪያው የግብይት ቁጥር ወደ ኋላ መድረስ ካልቻለ መዝገቡ ጎደሎ ነው።

ለለጋሹ የሚሰጠው ማረጋገጫ ላይ የክሪፕቶው መጠን እንጂ የዶላር ግምቱ አይጻፍም፤ የአሜሪካ የግብር ባለሥልጣን ክሪፕቶን የሚያየው እንደ ንብረት ስለሆነ ግምቱን የማቅረብ ኃላፊነት የለጋሹ ነው። ለጋሹ ከ5,000 ዶላር በላይ የግብር ቅናሽ ከጠየቀ ብቁ በሆነ ገማች የተዘጋጀ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ድርጅቱም ለጋሹ ለግብር ባለሥልጣኑ በሚያቀርበው ቅጽ 8283 ላይ ይፈርማል። ድርጅቱ ይህንኑ ንብረት በ3 ዓመት ውስጥ ከሸጠ በ125 ቀናት ውስጥ ሽያጩን የሚያሳውቀውን ቅጽ 8282 ያስገባል።

እርዳታው ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ በዶላር ተመንዝሮ በባንክ ይላክ፤ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋልና።

ለሕዝብ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። የልገሳን ዝርዝር ከግብይት ቁጥሩ ጋር ማውጣት የለጋሹን ዋሌት፣ አልፎም ቀሪ ሀብቱን ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ክሪፕቶውን የሚልክበት አዲስ የዋሌት አድራሻ መስጠትና ስሙን ያለ ፈቃዱ ከቁጥሩ ጋር አለማያያዝ ይገባል። የድርጅቱ የራሱ ወጪ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም፤ ኮሚሽኑም፣ በዋጋ መውረድ የታጣውም፣ በተሳሳተ አድራሻ ተልኮ የቀረ ገንዘብ ካለም በየራሱ መስመር በሪፖርቱ ይቀመጣል።