ልጅዎ ከማንበቡ በፊት መጽሐፉን እንዴት ይፈትሹታል?

በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን በብዛት የሚያሳስተው ከትምህርት ቤት የሚመጣው የሌክሳይል ቁጥር፣ ማለትም የንባብ ደረጃ መለኪያው ነው። ቁጥሩ የሚለካው የቋንቋውን ክብደት እንጂ ይዘቱን አይደለም። በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ የአዋቂ ልብ ወለድ 700 አካባቢ ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪም ያነበዋል።

ይልቅ የቅጂ መብት ገጹን ይክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ነው። «ጁቨናይል ፊክሽን» (የልጆች ልብ ወለድ) የሚል ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 11 ዓመት፣ «ያንግ አደልት ፊክሽን» (የወጣቶች ልብ ወለድ) ከሆነ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ የታሰበ ነው። የ12 እና የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ስም መጠራታቸው ነው ጣጣው። እዚያው «ሱሳይድ» (ራስን ማጥፋት) ወይም «ድራግ አቢዩዝ» (ዕፅ አላግባብ መጠቀም) የሚል ከተዘረዘረ፣ ጉዳዩ በታሪኩ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ ናሙና ያንብቡ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ አይቶ ማለፍ አያዋጣም፤ ከባዱ ትዕይንት የሚመጣው ታሪኩ ሲጦዝ ነው። ባለ 300 ገጽ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 15 ገጾች፣ ከ150 ጀምሮ 10 ገጽ፣ ከዚያ ከ210 እስከ 250 ያለውን በሙሉ ያንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት የስልክ ካሜራ ትርጉም ያግዛል፤ የወጣቶችን የአራዳ ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ በትክክል አይተረጉምም። በሊቢ (የቤተ መጻሕፍት መዋሻ መተግበሪያ) የተዋሱትን ኢ-መጽሐፍ በቃል መፈለግም ይቻላል፤ ጥሩ ጸሐፊ ግን አንድም ጸያፍ ቃል ሳይጠቀም የመኝታ ትዕይንት ይጽፋል፣ ፍለጋው ባዶ ሆነ ብለው አይዘናጉ።

ስድብ መቁጠር ብዙም አይጠቅምም። በታሪኩ ውስጥ ያለው ግፍ እንዴት እንደተሣለ ይዩ፦ የተጎዳው ሰው ሕመም ይታያል ወይስ ለመዝናኛ ነው? ያሳሰበዎትን ገጽ ቁጥር ይመዝግቡ።

ተከታታይ መጽሐፍ በየቅጹ ይፈተሻል፤ ገጸ ባሕርይው ሲያድግ ይዘቱም አብሮ ይከብዳል። ቪዝ የተባለው አሳታሚ በሚያወጣው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ላይ «ቲ» ከ13፣ «ቲ ፕላስ» ከ16፣ «ኤም» ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ነው።

መጽሐፉ የክፍል ምደባ ከሆነ ንባቡ ሳይጀመር ገጽ ቁጥሮቹን ጠቅሰው ለመምህሩ ይጻፉና አማራጭ ይጠይቁ። ክፍሉ መጽሐፉን ካጋመሰ በኋላ ከጠየቁ ልጁ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ኮሪደር ላይ ሊቀመጥ ይችላል።